ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ካምፕ ላለን ሰዎች የሚሆን ማብራሪያ



እዚህ ካኩማ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው የተቀመጡ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ሀገር ቤት ተምሮ የመጣ ነው፣ አንዳንዱ በስኮላርሺፕ ኬንያ ውስጥ ተመርቆ ተመልሶ ካምፕ የገባ ነው፣ ሌላው በኢንተርኔት ተምሮ ያገኘው ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማስተርሴን ልቀጥል ብል ማን ይከፍልልኛል?» እኔ ራሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማስተምር ነኝ እንጂ ዲግሪ የለኝም። ግን አብረውኝ ከሚያስተምሩት ጋር ማስታወቂያ ስናነብ፣ ፎርም ስንሞላ፣ ደብዳቤ ስናርም ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖናል። በዚህ ጊዜ የለየነውን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ከኪስ መክፈል የሚለውን ቶሎ እንለፈው። ካምፕ ውስጥ የሚሠራ ስደተኛ የሚከፈለው ደሞዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ ነው፤ ራሽን በተቆረጠበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ኢንሴንቲቩ ዱቄትና ዘይት ሆኖ ያልቃል። ከእሱ ቆጥቦ የማስተርስ ክፍያ መክፈል የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ወሬያችን ሌላ ሰው ስለሚከፍለው ነው።

አንድ ነገር መጀመሪያ እናጥራ። ብዙ ሰው «ዳፊ ለማስተርስም ይሰጣል» ብሎ ይጠብቃል። ዳፊ ከ1992 ጀምሮ በአብዛኛው በጀርመን መንግሥት ገንዘብ፣ በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ሲሆን የተሠራው ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የሚያስተምረውም ስደተኛው ባለበት ሀገር ነው፤ ኬንያ ያለ ኬንያ፣ ኡጋንዳ ያለ ኡጋንዳ። ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ወደ ካናዳ የሚወስደው ዉስክ የሚባለው ፕሮግራምም ዋና ሥራው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ያ ፕሮግራም የሚገርም ነገር አለው፤ የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው ከየክፍያቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ዶላር እያዋጡ ነው የማያውቁትን ስደተኛ የሚያስተምሩት። የሄደውም ገና ከዚህ ሲነሳ ቋሚ ነዋሪነት ይዞ ነው። ዲግሪ ለሌለን ለእኛ ትልቅ በር ነው፤ ዲግሪ ላለው ግን መልስ አይሆንም።

ኬንያ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን የሚያስፈጽመው ዊንድል ነው። ትንሽ ከመንገድ ልውጣና፣ የዊንድል መሥራች ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ሂዩ ፒልኪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የግእዝ ምሁር ነው። ኦክስፎርድ ለዶክትሬት ያጠናው በግእዝ የተጻፈውን መጽሐፈ ምሳሌ ነበር። የሀገራችንን ብራና ሲያነብ የኖረ ሰው ለስደተኞች የትምህርት ድጋፍ በ1977 መጀመሩን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።

የተባበሩት መንግሥታት በ2030 ከስደተኛው ወጣት 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት ይግባ የሚል ግብ አለው። ግቡ ሲወጣ የነበረው 3 በመቶ አካባቢ ነበር። ገንዘቡ የሚፈሰውም በአብዛኛው ወደ መጀመሪያ ዲግሪ ስለሆነ፣ ለማስተርስ የሚመጡት ዕድሎች ትንንሽና የተበታተኑ ናቸው። አንድ ቢሮ ሄዳችሁ «የማስተርስ ስኮላርሺፕ ስጡኝ» የምትሉበት ቦታ የለም። እናንተ ናችሁ ፈልጋችሁ የምትሄዱት።

«ሙሉ» እና «ከፊል»

ማስታወቂያ ስታነቡ መጀመሪያ የምታዩት ቃል ይህ ይሁን። የትምህርት ክፍያ አንዱ ወጪ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የማመልከቻ ክፍያ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የሰነድ ማረጋገጫና የፖስታ ወጪ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቪዛ፣ ትኬት፣ የጤና መድን፣ ቤት ኪራይና ቀለብ ይመጣል። ሙሉ ስኮላርሺፕ ማለት ከመቀበል በኋላ ያለውን በሙሉ ወይም በአብዛኛው የሚሸፍን ነው። ከፊል የሚባለው ግን ለእኛ ብዙ ጊዜ ከምንም አይቆጠርም።

አብሮኝ የሚያስተምር፣ በባዮሎጂ የተመረቀ ወንድማችን አለ፤ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለውና ከክፍያው ግማሹን እንችልልሃለን አለው። ደብዳቤው የመጣ ቀን ብሎኩ በሙሉ ቡና አፈላ። የቀረው ግማሽ 6,000 ዩሮ ነበር። አሜሪካና አውስትራሊያ ያሉ ዘመዶቹን ጠየቀ፣ ቤተ ክርስቲያን ተዋጣለት፣ በጠቅላላ ተሰብስቦ 900 አልሞላም። መስከረም አለፈና ቦታው ለሌላ ተሰጠ። የሰውየው ውጤት ጎበዝ የሚያስብል ነው፤ ለሙሉ ስኮላርሺፕ ቢወዳደር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን እሱም እኔም እናስበዋለን። ስለዚህ እባካችሁ፣ ጊዜያችሁን መጀመሪያ ሙሉ የሚከፍሉት ላይ አድርጉት።

ለስደተኛ ብቻ የተከፈተው የጣሊያን በር

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበው ዩኒኮር ነው። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ስደተኛ ተማሪዎችን ከአፍሪካ ለሁለት ዓመት ማስተርስ የሚወስዱበት ፕሮግራም ነው። በ2019 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ የሄዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩ ስደተኞች መካከል ነበር። ከዚያ በኋላ ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ማላዊን፣ ዛምቢያን የመሳሰሉ ሀገሮች ተጨምረዋል። ሀገሮቹ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ ያላችሁበት ሀገር የዘንድሮው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ነው። ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ዩኤንኤችሲአር፣ የጣሊያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ካሪታስና ሌሎችም አብረው ይሠራሉ፤ ስለዚህ ድጋፉ ክፍያን ብቻ ሳይሆን ቪዛን፣ ጉዞን፣ መኖሪያንም ያካትታል።

እንዴት ነው የሚሠራው? ብዙ ጊዜ ከመጋቢት ጀምሮ ጥሪው ይወጣል። የሚሳተፉት ዩኒቨርሲቲዎች ስም ይዘረዘራል፤ እያንዳንዱ በእንግሊዝኛ የሚያስተምራቸውን የማስተርስ ክፍሎች ያስቀምጣል። እናንተ ከተመረቃችሁበት ጋር የሚሄደውን መርጣችሁ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ታመለክታላችሁ። ሰነዳችሁ ካለፈ በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ይደረግላችኋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ምርጫው ላይ ነው። አካውንቲንግ የተመረቀ ሰው «ቦታ ይበዛል» ብሎ ኢንጂነሪንግ ሲያመለክት አይቻለሁ፤ ፋይሉን የሚያየው ፕሮፌሰር የሚፈልገው የወሰዳችኋቸው ኮርሶች ለዚያ ማስተርስ መሠረት መሆናቸውን ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። ዩኒኮር የሚቀበለው የስደተኛነት ውሳኔ ያገኘ ሰው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን መሀል ደግሞ ኬዛቸው ለዓመታት ሳይወሰን «አሳይለም ሲከር» ሆነው የቆዩ ብዙ ናቸው። ማንዴት ያልወጣለት ሰው ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር በዚህ በር አይገባም። ኬዛችሁ የት እንደደረሰ መከታተል የትምህርት ጉዳይም ነው የምላችሁ ለዚህ ነው። ስትጠይቁ ለማስተርስ ማመልከት እንደምትፈልጉ፣ የማመልከቻው ቀን መቼ እንደሚያልቅ በጽሑፍ አስገቡ፤ ዝም ብሎ ቆጣሪ ጋ ከመጠየቅ ይሻላል።

ለሁሉም የተከፈቱት

ኢራስመስ ሙንዱስ የአውሮፓ ኅብረት የሚከፍልበት ነው። ተማሪው በሁለትና ከዚያ በላይ ሀገሮች እየተዘዋወረ ማስተርስ ይማራል። ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጠዋል። የማንኛውም ሀገር ዜጋ ማመልከት ይችላል፤ የስደተኛነት ውሳኔ አይጠይቅም። ማመልከቻው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ልብ በሉ፦ ቲኬቱና ቪዛው ከዚያው 1,400 ውስጥ የሚታሰብ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ማለትም ቲኬቱን የሚያበድራችሁ ሰው ያስፈልጋል። ሰባት ሆነን ለዚህ ብለን ዕቁብ ጀምረናል፤ ዕቁቡ ማስተርስ አያስተምርም፣ ትኬት ግን ያስቆርጣል። ዕጣው ለደረሰው ሳይሆን ተቀባይነት ላገኘው ነው የሚሰጠው ብለን ተስማምተናል። እስካሁን ማንም አላነሳውም፤ ገንዘቡም አልተነካም።

የጀርመኑ ዳድ ለአፍሪካ ብዙ ዓይነት ስኮላርሺፕ አለው። ከነሱ አንዱ ለምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ዜጎችና እዚያው ላሉ ስደተኞች ጀርመን ሄዶ ማስተርስ ለመማር ክፍት የተደረገ ነበር። ሌላው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚከፍል ነው። ጥሪዎቹ ከዓመት ዓመት ስለሚለያዩ የዘንድሮውን አንብቡ፤ የአምናውን ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም።

ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ለአፍሪካ ወጣቶች የሚከፍል ሲሆን ለስደተኞችና ለተፈናቀሉ ልዩ ቦታ ይሰጣል። የሚሠራው ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስለሆነ ማመልከቻው የሚገባው ለዩኒቨርሲቲው ነው። ለማስተርስ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኪጋሊ ያለው ካርኔጊ ሜለን አፍሪካ ነው፤ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ሒሳብና ኮምፒውተር የተመረቃችሁ ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ።

የእንግሊዙን ቺቭኒንግ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለት ዓመት የሚሆን የሥራ ልምድ፣ በሰዓት ሲቆጠር 2,800፣ ይፈልጋል። ከዚህ የባሰው ግን ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ሀገርህ ተመለስና ቢያንስ ሁለት ዓመት ኑር የሚል ግዴታ መኖሩ ነው። ከሀገሩ ሸሽቶ ለወጣ ሰው ይህን ፈርም ማለት ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ብሆን ጊዜዬን ሌላ ላይ አጠፋለሁ።

«ነፃ ሀገር» የሚባለው ወሬ

ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ እውነት ነው። (ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል።) ነገር ግን ስኮላርሺፕ የሌለው ሰው ለቪዛው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ በዝግ አካውንት ማስቀመጥ አለበት። ከመስከረም 2024 ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው። ይሄ «ነፃ» የሚባለው ነው እንግዲህ! ኖርዌይም ነፃ ነው የሚል ቪዲዮ እስከ ዛሬ ይዞራል፤ ኖርዌይ ግን ከ2023 መከር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ማስከፈል ጀምራለች። ስዊድን ከ2011፣ ፊንላንድ ከ2017 ጀምሮ ያስከፍላሉ።

የአሜሪካው መንገድ ሌላ ነው። እዚያ ማስተርስ ውድ ነው፣ ፒኤችዲ ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይከፈልበታል እንጂ አይከፍሉበትም። ተማሪው ለፕሮፌሰር በማስተማር ወይም በምርምር እየረዳ ይሠራል፤ በምትኩ የትምህርት ክፍያው ይነሳለትና የወር መተዳደሪያ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት የሚቻልባቸው ክፍሎች ብዙ መሆናቸው ነው። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተናም ከ2020 ወዲህ ብዙዎቹ ትተውታል። የማመልከቻ ክፍያውን እንዲያነሱላችሁ ስደተኛ መሆናችሁን ጠቅሳችሁ ቀድማችሁ ኢሜይል ጻፉ። ችግሩ ያለው ቪዛው ላይ ነው፤ የተማሪ ቪዛ የሚሰጠው ቆንሲል ትምህርትህን ጨርሰህ ትመለሳለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ስደተኛ ደግሞ ይህን ማሳመን ይከብደዋል።

መውጣት ለማይችል ሰው ከካምፕ ሆኖ መማር አለ። ዳዳብ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ የካናዳው ዮርክ ዩኒቨርሲቲና የኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው ለመምህራን ትምህርት ሲሰጡ ቆይተው፣ በኋላ ዮርክ በትምህርት ማስተርስ ጨምሮበት ካምፕ እያሉ የተመረቁ አሉ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል በኢንተርኔት ማስተርስ አለው፤ «ነፃ» ቢባልም ለእያንዳንዱ ኮርስ የምዘና ክፍያ አለበት፤ ለስደተኞች ግን ስኮላርሺፕ ስላለው ሳትመዘገቡ በፊት እሱን ጠይቁ። ኬዙ ላልተወሰነለት ሰው ይህ መንገድ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የጉዞ ሰነድ አይጠይቅምና።

ሰነዱ ገንዘቡን ይበላዋል

ስኮላርሺፕ በሰነድ ምክንያት ይቀራል። ከሀገር ቤት ተመርቃችሁ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ2003 ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፣ ዕዳውን ሳይከፍል ኦርጅናሉን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አይወስድም። ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ያለው ቴምፖራሪና የተማሪ ኮፒ ነው። ለማመልከት ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ ይህን ይቀበላሉ፤ ኦርጅናሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ኦርጅናል የለኝም ብላችሁ ሳታመለክቱ አትቅሩ።

ዘመድ ዕዳውን ከፍሎ ያውጣልኝ ስትሉ ውክልና ይጠየቃል፤ ውክልና ደግሞ ኤምባሲ ያስኬዳል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስደተኛ ወደ ሀገሩ ኤምባሲ መሄዱ የሀገሩን ጥበቃ መልሶ እንደፈለገ ተቆጥሮ ጥያቄ ሊያስነሳበት ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ካምፕ ያሉትን የሕግ አማካሪዎች ጠይቁ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 25፣ ስደተኛ ከሀገሩ ባለሥልጣን የሚያገኘውን ዓይነት ሰነድ አስጠላዩ ሀገር እንዲረዳው ይላል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የ1997ቱ የሊዝበን ስምምነት ሰባተኛ ክፍል፣ ስደተኛ ሙሉ ሰነድ ባይኖረውም ትምህርቱ የሚመዘንበት መንገድ ይበጅ ይላል። ለዩኒቨርሲቲው በምትጽፉት ኢሜይል ላይ ይህን በአንድ መስመር ጥቀሱት፤ አንዳንዱ የቅበላ ሠራተኛ ራሱ አያስታውሰውም።

የእንግሊዝኛ ፈተና አይኤልትስ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው «በእንግሊዝኛ ነው የተማረው» የሚል ደብዳቤ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። እኛ የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቹ ይቀበላሉ።

ስምና የልደት ቀን ሌላው ጣጣ ነው። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንላለን፤ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ከገባ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። የልደት ዓመትም እንዲሁ፤ ትምህርት ቤቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፈውን ኤሊየን ካርዱ ላይ እንዳለ ቀድተውት ሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ሰው አውቃለሁ። ይህ ሲስተካከል ወራት ይወስዳል፤ የጉዞ ሰነዱም እንደዚያው። የመቀበያ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ደላሎችን በአጭሩ፦ ዩኤንኤችሲአር ለየትኛውም አገልግሎቱ አያስከፍልም፣ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ድርጅትም «ለማስኬጃ» ብሎ በኤምፔሳ አያስልክም። ባለፈው ዓመት እዚህ አንድ ሰው ከአራት ልጆች ገንዘብ ሰብስቦ ስልኩን ዘግቷል። የማመልከቻ ክፍያ ካለም የሚከፈለው በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ እንጂ በግለሰብ ስልክ አይደለም።

ስለ ሞቲቬሽን ሌተር አንድ ነገር ብቻ ልበል። ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ሁለት ገጽ መከራ ናቸው፤ እንዴት እንደወጣን፣ ምን እንዳየን። እውነት ነው፣ ግን አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። የቀረው ምን ልታጠኑ እንደምትፈልጉ፣ ለምን እዚያ ክፍል እንደሆነ፣ እዚህ ምን እንደሠራችሁ ይሁን። ስልሳና ሰባ ልጅ ያለበትን ክፍል ያለ መጽሐፍ ማስተማር የሥራ ልምድ ነው፤ በቁጥር ጻፉት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ትምህርት ቤት መምህራን ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆነን ደብዳቤ እያነበብን እንተራረማለን። ካኩማ ያላችሁ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ኑ። ሌላ ካምፕ ያላችሁ ደግሞ ጥቅምት ሳይገባ ዲግሪያችሁንና ትራንስክሪፕታችሁን በስልክ ፎቶ ሳይሆን በደንብ አስነስታችሁ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ወረቀቱ ድንኳን ውስጥ ዝናብ ወይም ምስጥ ያገኘዋል።